የሙዓሊም አለነ የጠመኔ ብየዳ

ስርጉት ክፉ ናት ይላሉ፤ ይበሉ። በትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ሃያ አንድ ዓመት ስሠራ አንድ መጥረጊያ እንኳ ያለ ፊርማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። መምህራኑ ዕቃ ሊወስዱ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ይሳለቁብኛል። «እትየ ስርጉት፣ የገነትን በር ቢያስጠብቁዎት ጻድቁን ሁሉ ፈርመህ ግባ ይሉት ነበር» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ አስፈርማቸዋለሁ።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ አለነ ነው።

ከተማችን ዋርካ ውሃ ትባላለች። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። አዲሱ ትምህርት ሲመጣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የእጅ ሙያ ይማራሉ ተባለ፤ ለኛ እንጨት ሥራና ብየዳ ደረሰን። ለእንጨት ሥራው መምህሩም መላጊያውም አልመጣም። ለብየዳው አንድ ማሽን በእንጨት ሳጥን ታሽጎ መጣ፤ ሳጥኑ ላይ «ባለሙያ መጥቶ ሳይመረምረው እንዳይከፈት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ፈርሜ ተረከብሁት፤ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥሁት። ባለሙያው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ሁለት ዓመት አለፈ።

መምህሩ አለነ ነበር። የሳንጃ ልጅ ነው። ገና በወጣትነቱ ሳሉግ ሆኖ፣ ማለት የሰው ሰሊጥ ለማጨድ፣ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረና እዚያው ቀረ። አንድ ሱዳናዊ ብረት ሠሪ አጠገቡ አስቀምጦ ብየዳ አስተማረው። ሃያ ሁለት ዓመት የትራክተር ማረሻና ተሳቢ ሲበይድ ኖረ፤ የራሱንም ቤት ከፈተ። ሱዳን ስትታመስ ያንን ሁሉ ጥሎ በመተማ በኩል ገባ። ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር መስታወት ያለው የፊት መከለያና ፒንሳ፣ ያ ኤሌክትሮዱን፣ የሚበየድበትን ቀጭን የብረት ዘንግ፣ የሚነክሰው መያዣ። ገዳሪፍ ባለ ሙያን «ሙዓሊም» ይሉታል፤ ተማሪዎቹም ይህን ሲሰሙ «ሙዓሊም አለነ» አሉት። ዲግሪ ስለሌለው የተቀጠረው በኮንትራት ነበር።

እኔና እሱ የተጣላነው በጠመኔ ነው። በሳምንት አንድ ፓኬት ይጨርሳል! ሌላው መምህር አንዱን ፓኬት ወር ያቆየዋል።

«አንተ ሰው፣ ጠመኔ ትበላለህ እንዴ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ልጆቹ ናቸው የሚበሉት፣ እትየ። መጥተው ይዩ» አለኝ።

ሄድሁ። ለመቆጣት ነበር የሄድሁት። መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። በመስኮት ስመለከት መስቱራ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። በግራ እጇ ያንን መከለያ ፊቷ ላይ ይዛለች፤ በቀኝ እጇ ፒንሳውን። ፒንሳው የነከሰው ጠመኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ትንንሽ የጨረቃ ቅርጽ እያስከተለች ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«አትቸኩይ» ይላታል አለነ ከኋላዋ ሆኖ። «ጠመኔው እያለቀ ነው፤ እጅሽን ወደ ሰሌዳው አስጠጊ። ኤሌክትሮድም እንዲሁ ነው፤ እየነደደ ያጥራል። እጅሽ ካልተከተለው እሳቱ ይጠፋብሻል።»

እሱ ደግሞ በአፉ የእሳቱን ድምፅ ያሰማል፤ «ችርርርር»፣ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጣል እንደሚጮኸው። ሃያ ስድስት ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ከጠመኔ ይከልላሉ። ልስቅ ነበር። ግን አንጀቴን በሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠመኔ ሲጠይቀኝ ሳልጨቃጨቅ እሰጠው ጀመር፤ አስፈርሜ እርግጥ ነው።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርሁት የኋላው ነገር አይገባችሁም። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ወንዶቹ እንጨት ሥራ ይማሩ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ባልትና። ከክፍል እየወጣሁ የእንጨት ሥራው መስኮት ሥር እቆም ነበር። ዋንዛ ሲላግ የሚወጣው ፍቅፋቂ ጥቅልል ብሎ በመስኮቱ ይወድቃል፤ እሱን ለቅሜ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ አየኝና «ነይ ግቢ፣ መላጊያውን ያዢው» አለኝ። ያን ጊዜ እፍረት ያዘኝና ሮጥሁ። ማንም አልከለከለኝም እኮ፤ ራሴ ነኝ የሮጥሁት። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ያ መላጊያ ይናፍቀኛል። ይገርማል፣ ያልያዙት ነገር እንዲህ ይናፍቃል።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ለአለነ ደብዳቤ መጣለት። ኮንትራቱ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል፤ ለመስከረም ባለ ዲግሪ መምህር ይመደባል። ደብዳቤውን ይዞ በቀጥታ ወደኔ መጣ።

«እትየ ስርጉት፣ አፈር ስሆን» አለኝ። «ለአንድ ቀን ሳጥኑን ይክፈቱልኝ። እነዚህ ልጆች እሳቱን ሳያዩ ልሄድ ነው።»

«ፊርማ አምጣ።»

ርእሰ መምህራችን አቶ ባየልኝ ዘንድ ሄደ፤ እሳቸውም ባለሙያው ሳይመጣ እንዴት ተደርጎ አሉት። ተመልሶ መጣ። እምቢ አልሁት። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። አሁንም እምቢ። በዚህኛው አልለመነኝም፤ ሳጥኑ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ።

«ገዳሪፍ የተውሁትን ቤት እየረሳሁት ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እሳቱን ነው ያልረሳሁት። ሁለት ዓመት አለፈኝ ሳላየው። ስጨፍን ይመጣል፣ ዓይኔን ስገልጥ ማፊሽ፣ የለም።»

«ሥራ አለብኝ፣ አለነ» አልሁት። እንዲህ ነበር ያልሁት። አሁን ሳስበው አፌን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

የሰኔ መጨረሻ ዓርብ ዕለት መስቱራ መጻሕፍቷን ልትመልስ መጣች። አንድ በአንድ አየሁባት፤ የተቀደደ የለም። ፈርማ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«እትየ፣ እሳቱ ሰማያዊ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?»

«የምን እሳት?»

«የብየዳው። ሁለት ዓመት ተምሬ መልኩን አላውቀውም። ዛሬ ደግሞ አለቀ።»

እኔም አላውቀውም። ያ የጎንደሩ መስኮት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከወንበሬ ተነሣሁና መዶሻ ፈለግሁ። የሳጥኑን ክዳን ስነቅለው መስቱራ «እትየ! እትየ!» እያለች ትጮሃለች፤ እሳት የተነሣ መስሎት እንደሆን እንጃ፣ ጥበቃው ሳይቀር ሮጦ መጣ።

«አለነን ጥሪው» አልኋት። «ልጆቹንም።»

የትምህርት ቤቱ መብራት ማሽኑን አይችልም። ከመንገዱ ማዶ የአብዱረሕማን ወፍጮ ቤት ግን ባለ ሦስት መስመር ኃይል አለው። ማሽኑን በአህያ ጋሪ ጫንነው። የቆላው ጥቁር አፈር በሰኔ ዝናብ ራሰና ጋሪው ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ተነክረው ገፉት። እኔም ገፋሁ፤ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አብዱረሕማን ወፍጮውን አቆመልንና «ዛሬ ዱቄት የለም፣ ዛሬ ብረት ነው የሚፈጨው» ብሎ ሊያስፈጩ የመጡትን ሴቶች መለሰ።

አለነ ማሽኑን ጠረገ፣ ገመዱን አጠበቀ፣ ፒንሳውን አሰረ። ሁላችንም እሱ እንዲጀምር ጠበቅን። እሱ ግን ፒንሳውን ለመስቱራ ሰጣት።

መከለያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላው ሰው ብርሃኑ ዓይኑን እንዳይጎዳው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አለነም ዞረ። መስቱራ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ስታሳርፈው ተጣበቀባት።

«ሙዓሊም፣ ያዘኝ!» አለች።

ጠመኔ ተጣብቆባት አያውቅማ! ቤቱ በሳቅ ሞላ። አለነም ሳቀ፤ «ይህንስ ጠመኔው አላስተማራችሁም» ብሎ ጠምዘዝ አድርጎ አላቀቀላት። በሁለተኛው ያ ድምፅ መጣ፤ ችርርርር። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ፤ የሁላችንም ጥላ ተንቀጠቀጠ። አለነ ማየት ስለማይችል በጆሮው ነበር የሚመራት፤ «ፈጠንሽ… አሁን ዝቅ በይ… እንዲህ ነው! ሳትለቂ፣ ሳትለቂ… ኸላስ፣ በቃ!» ሲል እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ስትጨርስ ብረቱን አየነው፤ ሰሌዳው ላይ ስታስከትላቸው የነበሩት ጨረቃዎች ተደርድረዋል።

ሃያ ስድስቱም በየተራቸው በየዱ። ሲያበቁ ከማሽኑ ጋር ለሙከራ ተብለው ከመጡት ኤሌክትሮዶች ሁለት ቀሩ።

«አንዱ የኔ ነው» አለ አለነ፤ «አንዱ የእርስዎ ነው፣ እትየ። ይቅደሙ።»

«ምን ቆርጦኝ!» አልሁ። እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ነበር። ከዚያ ግን የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የሮጥሁት ሩጫ ትዝ አለኝና ቆምሁ። መከለያውን ተቀበልሁ።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። ከዚያ… ሰማያዊ ነው ልጆቼ። መሐሉ ነጭ ነው፣ ከሥሩ ብረቱ እንደ ማር ይፈስሳል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ስጨርስ ብየዳዬ ተጣሟል፣ ብረቱንም በስቼዋለሁ። አለነ አገላብጦ አየውና «ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም በስቻለሁ» አለኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

የመጨረሻውን ኤሌክትሮድ ፒንሳው ላይ አደረገ። መከለያውን ወደ ፊቱ አነሣ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ይመጣል ብለን ጠበቅን። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ሄዱ። አብዱረሕማን ሊዘጋ ሲል አለነ ኤሌክትሮዱን ከፒንሳው አውጥቶ በእጄ ላይ አስቀመጠው። «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይመልሱት» ብሎ ሳቀ። ተራውን የበላሁበት እኔ ነኝ። እኔ ባልቀድም ኖሮ ይደርሰው ነበር፤ እኔ በግንቦት ብከፍትለት ኖሮ ደግሞ ወር ሙሉ ይበይድ ነበር።

በማግሥቱ ወደ አብደራፊ ሄደ። በስልክ ሳገኘው የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል፤ ጋራዦቹ የራሱን ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው የሚፈልጉ አለኝ። «ከአጥሩ ማዶ ሲበይዱ ድምፁን እሰማለሁ» አለኝ።

ለኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ይገባኛል። ሐምሌ ላይ ቆጠራ መጣ። ቆጣሪዎቹ መሳቢያዬን ሲከፍቱ አንድ ኤሌክትሮድ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኙ፤ ከሥሩ የወጪ ቅጽ ተቀምጧል።

«ይኼ ለማን ወጪ የተደረገ ነው?» አሉኝ።

ቅጹን አሳየኋቸው። ቀኑ ተሞልቷል፤ ዕቃው ተሞልቷል፤ የተቀባዩ ስም አለነ ይላል፤ የፊርማው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። «ሲመጣ ይፈርማል» አልኋቸው።