እንግዳችን ይምረጡልን

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ንፋስ ፊቱን እየገረፈው ያደገ ሰው ካልተቆጣ በምን ይሞቃል? ይህንንም የምጽፈው ቁጣዬ እንዲወጣልኝ ብዬ አይደለም፤ እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ከከተማችን የካርታ ቡድን ጋር እሠራለሁ። ካርታው በኢንተርኔት ያለ፣ ማንም ሰው በነፃ የሚያየው፣ የሚያውቀውን መንገድና ወንዝ ማንም ሰው የሚጨምርበት፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተጋግዘው የሚስሉት ካርታ ነው። እኛ ጥቂት ነን። ሰብሳቢያችን ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሌላው እንደ እኔ መምህር ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል።

አምና ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ዕድል መጣልን። ካርታውን የሚያስተባብሩት ሰዎች ከየአካባቢው አንድ ተማሪ እንዲመረጥ ፈቀዱ። የተመረጠው ለካርታው የሚጠቅም ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን ሙሉ ያግዘዋል፤ ሲያልቅም ፕሮግራሙ ከካርታው ጋር ይገናኛል። ለእኛ የደረሰን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ካመለከቱት ውስጥ ለመጨረሻው ቀን ሁለት አስቀረን፤ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ።

ልጅቷ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃን እዚህ ስትማር አስተምሬያታለሁ፤ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ማጥናት ከጀመረች በኋላም «ቲቸር» ማለቷን አልተወችም። ያቀረበችው ነገር ለሚያውቀው ሰው ሁለት ቃል አያስፈልገውም። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርዱት የእግርና የበቅሎ መንገዶች ካርታው ላይ አሉ፤ የሳልናቸውም እኛው ነን። በበጋ ትክክል ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን አንዱን ጎርፍ ይበላዋል፣ አንዱን ናዳ ይዘጋዋል። ካርታው ይህን አያውቅም፤ ለእሱ ጥርም ሐምሌም አንድ ነው። የአገሩ ሰው አይቸገርም። ገበያ ሲወርድ ከገበያ የሚመለሰውን አቁሞ «ታችኛው እንዴት ነው?» ይለዋል፤ «ተበልቷል፣ በላይኛው ዙር» ይባላል፤ ይዞራል። ሳይጠይቅ የሚወርድ የለም። እንግዳ ሰው ግን ማንን ይጠይቃል? ስልኩን።

ልጅቷ ይህን መጠያየቅ ካርታው ውስጥ ልታስገባው ነበር። ከገበያ የሚመለስ ማንም ሰው ከተራ ስልኩ አጭር መልእክት ይልካል፤ መንገዱ ካርታው ላይ ተዘግቷል ተብሎ በቀይ ይሰመራል፤ ሲከፈትም እንዲሁ። ይኸው ነው።

ይህን ለምን እንደፈለገችው እኔ አውቃለሁ። በፊተኛው ክረምት አዲስ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ካርታው ባሳያት መንገድ ወረደች፤ መንገዱ ተበልቶ ኖሮ ገደል አፋፍ ላይ አደረሳት። ተመልሳ፣ ዞራ እስክትደርስ ድረስ ምጥ ላይ የነበረችው ሴት ልጇን አጣች። ያቺ ሴት የልጅቷ ታላቅ እህት ናት። «ንገሪያቸው» ብላት «በእህቴ ሐዘን አልመረጥም ቲቸር፣ ሥራው ይመረጥ» አለችኝ። ክረምቱ ሳይገባ መጀመር ነበረባት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የወንዱ ልጅ ሥራ ደግሞ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አይቶ ቤቶችን በራሱ የሚስል ፕሮግራም ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ግን እንዲህ ዓይነቱን ሌሎች ሠርተው ጨርሰውታል፤ የእሱም ገና ጥሬ ነበር። በመዘዞ ዙሪያ ሲሞክረው በየአውድማው ዳር የቆመውን የጭድ ክምር ሁሉ ጎጆ አድርጎ ሳለው። የበግና የገብስ አገር የነበረችው መዘዞ በአንድ ጠዋት ትልቅ ከተማ ሆነች። ልጁ ራሱ ከእኛ ጋር ሳቀ።

ከምርጫው በፊት በነበረው ቀን ጋሼ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «የልጅቷን እንይዛለን፤ እኔ ያንን ቁልቁለት በእግሬ ነው የለካሁት» አሉኝ። የፊዚክስ መምህሩም «ይሄማ ምን ያጠያይቃል» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ። የካርታው ሥራ ላይ ስሙ የታወቀ፣ ትሁት ወጣት ነው። ሊታዘብ እንጂ ሊመርጥ አልመጣም። መጀመሪያ ወንዱ ልጅ አቀረበ። ጋሼ ለእንግዳው ሞቅ ይበለው ብለው ይሁን ለልጁ አዝነው እንጃ፣ «ይህ እንግዲህ የዘመኑ ጥበብ ነው፣ ደብረ ብርሃንም ከማን ታንሳለች» ብለው አወደሱት። ቀጥላ ልጅቷ አቀረበች። ስለ አዋላጇ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግራ አለፈች፤ ልጇን ያጣችው ሴት እህቷ መሆኗን አላነሳችም። ጋሼ «ጎሽ» ብለው ዝም አሉ። ለራስ ልጅ ይህ ይበቃል፤ የቤት ልጅ በእንግዳ ፊት አይሞገስማ!

ተማሪዎቹ ከበሩ ውጭ ሆነው በሩን ገርበብ አድርገን ልንወያይ ነው ስል ጋሼ ብድግ አሉ። «እኛ ቤተኞች ነን። እንግዳችን ይምረጡልን» አሉ።

«ኧረ በፍጹም፣ እናንተ እያላችሁ» አለ እንግዳው።

«አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አባታችን እያሉ እኔ?»

«በሞቴ!» አሉ ጋሼ።

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? እንግዳው አንዴ ጋሼን፣ አንዴ ወረቀቱን አየና «እንግዲህ ካላችሁ... የቤቶቹ ፕሮግራም ጥሩ ይመስለኛል» አለ። እኔ «ቆይ እንጂ፣ እንነጋገርበት» ብዬ ተነሳሁ። ድምፄ ሳይወጣ ጋሼ አጨበጨቡ። የፊዚክስ መምህሩ ተከተለ። ከውጭ ያሉትም ጭብጨባ ሰምተው አጨበጨቡ። እኔ ቆሜ «እንነጋገር» እላለሁ፤ ክፍሉ ያጨበጭባል።

ምሳ ወሰድነው። ረቡዕ ስለነበር የጾም በያይነቱ ቀረበ። እንግዳው ጠግቦ እጁን ሊሰበስብ ሲል ጋሼ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ያጎርሱታል፤ እሱም ይውጣል። እኔ አልበላልኝም። እጅ መታጠቢያው ጋ ስንገናኝ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ለመናገር ልቤ ከልጅቷ ሥራ ጋር ነበር» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«የእናንተ ፍላጎት ግን ወዲያ እንደሆነ አየሁ። ጋሼ እንዴት እንዳወደሱት አላዩም? በሰው ቤት መጥቼ ፊታቸውን ላጥቁር? ለእናንተው ብዬ እኮ ነው።»

አንቱታውን ቁጣዬ አስጣለኝ። «ለእኛ ብለህ? ከእኛ ውስጥ አንድም ሰው አልፈለገውም!» አልኩት። ሳሙናው ከእጁ ወደቀ።

እጁን እንኳ ሳያደርቅ ጎትቼ ጠረጴዛው ጋ አደረስኩት። «ጋሼ፣ ይስሙ። የልጅቷን ነው የሚፈልገው። እርስዎም የልጅቷን ነው የሚፈልጉት። አንተስ?» አልኩት የፊዚክስ መምህሩን። «እኔማ የእሷን ነበር» አለ ሽሮ እየጠቀለለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ጋሼ «እንግዳ ካለ ምን እላለሁ» አሉ፤ እንግዳው «ጋሼ ካወደሱ ምን እላለሁ» አለ፤ መምህሩ «ሁለቱ ከተስማሙ ምን እላለሁ» አለ።

«ስሙ የሚላከው ማምሻውን ነው፤ ጊዜ አለን፤ እንመልሰው» አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሱ። «ልጄ፣ ነውር ነው። ልጁ ተጨብጭቦለታል። የተጨበጨበለትን ልጅ ምን ብለሽ ትመልሺዋለሽ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ምን ይላል! ሰው ማለት እኮ እኛ ነን፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ሁላችንም አንድ ነገር ፈልገን፣ ተከባብረን፣ ማንም ያልፈለገውን መረጥን። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቼ ይወጣልኛል፤ ከዚህ ሁሉ ደግ ሰው ጋር በምን አፌ እጣላለሁ?

«ልጅቷ ቅሬታ ካቀረበች ግን» አሉ ጋሼ፣ መውጫ ያገኙ መስሏቸው፣ «ያን ጊዜ እኛም ምክንያት ይኖረናል።»

ቦርሳዬን አንስቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። የአንኮበር ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረስኩ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች።

«ውረጂ። ቅሬታ አለኝ በይ። አንድ መስመር ጻፊ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ይቅር ቲቸር» አለችኝ። «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው።»

«ቀደር አይደለም፣ ጭብጨባ ነው! ሁሉም የአንቺን ነው የፈለጉት።»

«እሱ ደስ ብሎት ሲወጣ አይቼዋለሁ። የሰው ደስታ ቀምቼ ምን ይሉኛል? ጋሼስ ይቀየሙኝ የለም እንዴ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ግን ፈገግ ይላል። «አላህ ያውቃል፣ በሌላ ጊዜ ይሆናል።»

«እህትሽስ?» አልኳት።

ይህን ባልላት ይሻል ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ግን አሁንም እላታለሁ። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ መኪናው ወጣ። ማምሻውን ጋሼ የልጁን ስም ላኩ።

ክረምት ገባ። ልጁ ሥራውን ጀመረ፤ ጭድ ከጎጆ ለመለየት ሲታገል ከረመ። ነሐሴ ላይ አስፋልት ዳር አገኘሁትና «እንዴት ነው?» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ የእሷ ይመረጣል ብዬ ነው ያቀረብኩት። ጋሼ ለእንግዳው ውድድር እንዲመስል፣ ብቻዋን እንዳትሆን አቅርብ ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ስትመረጥ ለምን አይሆንም አላልክም?»

«ተጨበጨበልኝ እኮ!» አለ።

ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ከዚያ ሁሉ ሰው የፈለገውን ያገኘ አንድም ሰው አልነበረም፤ አሸናፊው እንኳ።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ አሊዩ አምባ አባቷ ሱቅ ገብታለች። ፕሮግራሟ ከጅምሩ አላለፈም፤ ከካርታው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ብቻዋን የምትወጣው አልሆነም፤ እኔም ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። የምችለው ካርታውን በእጄ ማረም ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፤ እሷ ከገበያ የሚመለሱትን ትጠይቃለች፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ትደውላለች፣ እኔ እዚህ ኮምፒውተሬን ከፍቼ መንገዱን እዘጋለሁ። «ታችኛው ተበልቷል ቲቸር።» እዘጋለሁ። «ተጠግኗል።» እከፍታለሁ። አንድ ፕሮግራም በራሱ የሚሠራውን ሁለት ሴቶች በስልክ ስንሠራው ከረምን።

አንድ ሰሞን መደወሏን ተወች። ዝናቡ ግን አላባራም። ካርታውን ባየው ታችኛው መንገድ ክፍት ነው፤ አላመንኩትም፣ ደጋግሜ ደውዬ ጉብታው ላይ አገኘኋት።

«ተዘግቷል፣ ሰንብቷል» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁልጊዜ እየደወልኩ ሳስቸግርዎት ይሉኝታ ያዘኝ» አለች።

«ማንም አልወረደበትም?»

«አዋላጇ ትናንት ስልኳን አይታ ወርዳበት ነበር። ገበያተኞች ከመሃል አግኝተው መለሷት። አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰች።»

«አስቸግሪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሰማሽ? እኩለ ሌሊት ይሁን፣ ክፍል ውስጥ ልሁን፣ ለቅሶ ላይ ልሁን፣ ደውለሽ አስቸግሪኝ! ይሉኝታሽ እኮ ሰው ሊገድል ነበር!»

«እሺ ቲቸር» አለች። ቀጥላም፣ በዚያው በለመደችው ለስላሳ ድምፅ፣ «አፉ ይበሉኝ፣ አስቆጣሁዎት» አለችኝ።

መንገዱን ካርታው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ስልኩን ሳላስቀምጥ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ልጅቷ ፕሮግራም ላስቸግርዎት ነው» አልኳቸው።

ምሳ እየበሉ ነበር። «በሞቴ ልጄ፣ እንግዳ ይዣለሁ፣ ጨርሼ ልደውልልሽ» አሉ።

«አይሆንም» አልኳቸው። «አሁኑኑ፣ እንግዳውም ይስማ።»