አባቴ ከኮርሳዋ የወረደበት ቅዳሜ

ከአዳማ በአሮጌው የአዲስ አበባ መንገድ በመኪና የሚወጣ ሰው ዳገቱ መኖሩንም አያስተውልም። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ስልኩን ይነካካል፣ አለቀ። እኔ ግን ያንን ዳገት በጉልበቴ ነው የማውቀው። ከከተማው ጫፍ ካለው ነዳጅ ማደያ ጀምሮ ነጫጭ የነፋስ ማማዎቹ እስከቆሙበት አናት ድረስ፣ የትኛው ጋ አስፋልቱ እንደተበላ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት እንደሚመጣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን እስካሁን ቅዳሜ ሲነጋ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነሳለሁ።

አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነ። በሕይወቱ ለራሱ ብሎ የገዛው ነገር ቢኖር አንዲት ኮርሳ ናት። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ቀለሟ ከመላላጡ የተነሳ ድሮ ሰማያዊ ትሁን አረንጓዴ እኛ ልጆቹ እንኳ የማንስማማባት ብስክሌት። ማርሽ ለመቀየር አንድ እጅ ከመሪው ለቆ ከጉልበት በታች ያለችውን ትንሽ ዘንግ መጎተት ያስፈልጋል። እናታችን በሕይወት ሳለች «ሁለተኛ ሚስትህ» ትላት ነበር፤ እሱም አይክድም ነበር።

ሰባ ሊሞላው ሲል ደም ግፊቱ ከፍ አለ። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፣ ዳገት ግን ይቅርብዎ» አለው። አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ነርስ ናት፣ ወንድሜ ሐዋሳ ይኖራል፣ እኔ የመጨረሻዋ እዚሁ አዳማ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሩቅ ያሉት ይጨነቃሉ፣ ቅርብ ያለሁት እወቀሳለሁ፤ የቤታችን ሕግ እንደዚያ ነው። ለፋሲካ ምሳ ስንሰበሰብ ሦስታችንም ተረባርበን ያዝነው፤ ኮርሳዋን ተው ብለን። ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም።

እሱ በእጁ የያዘውን አጥንት ተረጋግቶ ጋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «እሺ» አለ። «ዳገቱ ላይ እግሬ መሬት የነካ ቀን ኮርሳዋን በእጄ አስረክባችኋለሁ። ሁለተኛ አልቀመጥባትም። እስከዚያ ድረስ ግን አትነዝንዙኝ።»

ወንድሜ ነገሩን ወደ ውል ለወጠው። ከማደያው እስከ አናቱ፣ እግር ከፔዳል ወርዶ መሬት ከነካ አበቃ፣ ምክንያት አይሰማም። ምስክር ያስፈልጋል ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ለማንም አታዳላም» አለች እህቴ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

እንግዲህ ቅዳሜ ለፎቶ ኮፒ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የርቀት ተማሪው ሁሉ ሞጁሉን ታቅፎ የሚመጣው ያን ቀን ነው። እኔ ግን ሱቁን ዘግቼ፣ ከጎረቤት በርካሽ በገዛሁት ማውንቴን ብስክሌት ሽማግሌ አባቴን ከኋላ እየተከተልኩ ዳገት እወጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቤ ምን ይመኝ እንደነበር ልናገር፦ እግሩ መሬት እንዲነካ። አንዴ ይንካና ልገላገል። እሱ ቀድሞኝ በሄደ ቁጥር፣ እኔ ሳንባዬ ሊወጣ ደርሶ፣ በሆዴ እህቴንም ሐኪሙንም እረግም ነበር።

«መሪውን ለምን ታንቂዋለሽ?» ይለኛል ዞር ብሎ። «አያመልጥሽም።»

ከዚያ ቀስ በቀስ አስተማረኝ። ማርሽ የሚቀነሰው ዳገቱ ከመያዙ በፊት ነው እንጂ ጉልበት ካለቀ በኋላ አይደለም። አናቱን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ከጎማው ፊት ያለችውን መንገድ ማየት ይበቃል። ከኮርቻው ብድግ የሚባለው የመጨረሻው ኩርባ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ መዝሙር ነው። አባቴ ዳገት ሲጀምር በአፍንጫው መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ትንፋሹ ሲያጥር መዝሙሩ ይቆማል። እኔ ከኋላ ሆኜ መዝሙሩ የት ጋ እንደቆመ እመዘግባለሁ። በደህናው ጊዜ መዝሙሩ መንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ግራር አልፎ ይሄድ ነበር።

መንገዱ ያውቀን ጀመር። የጭነት መኪና ረዳቶች በመስኮት ወጥተው «በርታ ፋዘር» ይሉታል። አህያ እየነዱ ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ እንገናኛለን። «አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ይሉታል፣ እሱም ትንፋሹን ሰብስቦ «ነጋያ»፣ ደህና፣ ይላል፤ ያቺ አንዲት ቃል ስንት እንደምታስከፍለው እኔ ነኝ የማውቀው። ጎረምሶች በብስክሌት የተሳቢ ጭራ ይዘው እየተጎተቱ ሲያልፉን «አባዬ፣ አንተም ያዝ፣ እግርህ እንደሆነ መሬት አይነካም» አልኩት አንድ ቀን። «ያኔ የወጣው መኪናው ነው» አለኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበር፤ ያናድዳል።

አናቱ ላይ ስንደርስ ከማማዎቹ በታች ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ሁለት ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨውና ሚጥሚጣ። አዳማ ከታች አቧራዋን ለብሳ ተዘርግታለች። ቤት ውስጥ ዜና ካልሆነ የማያወራው አባቴ እዚያ ድንጋይ ላይ አፉ ይፈታል። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሶደሬ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ እንደሆነ፣ ወንበሩን ለቆላት ሙሉ መንገድ ቆሞ ሄዶ፣ እሷ ግን አንዴም ቀና ብላ እንዳላየችው የሰማሁት እዚያ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ መውደቁንም ነገረኝ፤ እኛን በአንድ ቢ ስንት ጊዜ ገርፎን። ሠላሳ ስምንት ዓመት አባቴ የነበረ ሰው ነው፤ የተዋወቅነው ግን ያን ዓመት ይመስለኛል።

ልቤ መቼ እንደዞረ አላውቅም። ክረምቱ ሲገባ ግን እግሩ እንዳይነካ የምጸልየው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ዝናብ የዘነበበት ቅዳሜ ይከፋኝ ጀመር። እህቴ በየሳምንቱ «ወረደ?» ትላለች፣ «አልወረደም» እላታለሁ፣ ድምፄ ውስጥ ኩራት እንዳለ እሷም ታውቃለች።

መስከረም ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ነው ነገሩ የሆነው። ያን ቀን መዝሙሩ ከግራሩ በፊት ቆመ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩ። ከመጨረሻው ኩርባ በታች ስንደርስ «ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አለኝ። ለካ ዳገቱ በርትቶበት ነበር፤ እኔ ግን ጎበዝሽ ያለኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቀደምኩ።

ኩርባውን እንደዞርኩ በስተቀኝ ካለው የገጠር መንገድ ሰዎች ሲወጡ አየሁ። ቀብር ነበር። የሰፈሩ ሙስሊሞች ጀናዛውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በፍጥነት እየተቀባበሉ ወደ አስፋልቱ ይመጣሉ። በእኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ በቅሎ ላይ ያለ ከበቅሎው፣ ብስክሌት ላይ ያለ ከብስክሌቱ ይወርዳል። የማንም ሃይማኖት ይሁን፣ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ ነው የሚመለሰው። ያን ሁሉ ውል ስንዋዋል ቀብር ሊመጣ እንደሚችል ከአራታችን አንዳችንም አላሰብንም።

በዚያች ቅጽበት የታየኝ ሟቹ አይደለም፣ ኮርሳዋ ናት። ወደ ኋላ ዞሬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ «አባዬ ፍጠን፣ ሳይደርሱብህ እለፍ!» ብዬ ጮኽኩ።

ከፊት የነበሩ አንድ ሼህ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከብስክሌቴ ወረድኩ፣ ሻርፔን ሳብኩ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁልቁል ሳይ አባቴ አስቀድሞ ወርዶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ኮርሳዋን ተደግፎ ቆሟል።

ለቀስተኞቹ ወደ ታች አልፈው እሱ ጋ ሲደርሱ ኮርሳዋን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ከኋላቸው ተከተለ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሸኛቸው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሐዘን ነው አልኩ። «ዛሬ ይበቃናል» አለኝ። ብስክሌቶቹን እየገፋን በእግራችን ወረድን። የባጃጅ ሹፌሮች «ጎማ ነው?» እያሉ ይጠይቁናል፤ እሱ እጁን እያነሳ ያልፋል። እኔ በልቤ ሙግቴን አዘጋጅ ነበር።

ቤት ደርሰን ሻይ እንደቀረበ ደወልኩላቸው። ወንድሜንም እህቴንም አንድ ላይ አገናኝቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ወርዷል» አልኩ፣ «ግን ለቀብር ነው የወረደው፤ ስለዚህ አይቆጠርም።» ምክንያት አይሰማም ብሎ የነበረው ወንድሜ «ለአስከሬን ያልወረደ ምኑን ሰው ሆነ» አለ። እህቴም «እሱማ እንዴት ይቆጠራል» አለች። በደስታ ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «እኔ ከነበርኩበት ቀብሩ አይታይም» አለ። «ደክሞኝ ነው የወረድኩት። እሷ ስትጮህ እግሬ መሬት ላይ ነበር።»

ያንን ኩርባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የተቆረጠው ኮረብታ የገጠሩን መንገድ ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል፤ ከታች ሆኖ ጀናዛ ቀርቶ ዝሆን ቢመጣ አይታይም። ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ሳየውም ይህንን አውቄ ነበር። ማወቅ አልፈለግሁም እንጂ። ወንድሜ ከሐዋሳ «አባዬ፣ ቢሆንም እኮ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። አባቴ «በሉ ሰላም ዋሉ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ግቢ ወጣ። ሁሌ ቅዳሜ እንደሚያደርገው ኮርሳዋን ገልብጦ ካቴናዋን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ተከትዬው ወጣሁ፤ ደሜ ፈልቷል።

«ማን ጠየቀህ አባዬ? ሁሉም እሺ ብለው ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ጨርቁን አጥፎ በንጹሑ በኩል ያዘው። «ከክረምት ጀምሮ ደረቴን ይይዘኛል» አለኝ። «ያኔውኑ ልተወው ነበር።»

«ለምን አልተውከውም?»

«ዳገቱን ከተውኩ ቅዳሜ አትመጪም ብዬ ነው።»

ይህን ያለው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ቀና ብሎም አላየኝም። እኔ እንባዬ መጣ። «ምን ማለትህ ነው አባዬ፣ ለምን አልመጣም፣ እመጣለሁ እንጂ» አልኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ጨርቁን ተቀበልኩትና ካቴናዋን ጠረግሁ፤ እሱ ፔዳሉን በእጁ ያዞርልኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሻይ ጠጣን፣ ስለ አውቶቡሱ ደግሞ ነገረኝ። ከዚያ የሚቀጥለውንም ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ የርቀት ተማሪዎች ፈተና ደረሰና ሱቁ በሰው ተሞላ፤ ደወልኩለት። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ አልሄድኩም፤ አልደወልኩምም።