አዎ ካልን በኋላ ስንት ሰዓት እንገባለን?

ከአገሬ ወጥቼ ኒው አልባኒ በምትባለው ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሱፐርቫይዘሯ ብርቱካናማ ሰደርያና የዕቃ ኮድ የሚያነብ ስካነር ሰጠችኝና፣ "ስካን ሳታደርጊ ምንም ዕቃ እንዳታነሺ" አለችኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጠችኝም። አዲስ አበባ ሳለሁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ወገቤ የለመደው ወንበር ነው። ጫፉ ብረት የሆነው ጫማ እግሬን ስላቃጠለኝ፣ ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ አውልቄው ነው የመጣሁት። በማግስቱ ግን ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ።

የጀመርኩት ፒከር ሆኜ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ እየለቀምኩ ነው። ከዚያ ወደ ማሸጊያ፣ ከማሸጊያ ደግሞ ትሬይለር ወደሚጫንበት ዶክ ተዛወርኩ። እዚያም ሊድ፣ ማለትም የቡድን መሪ፣ ሆንኩ። የሊድ ደመወዝ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወቀሳው ግን በብዙ ይበልጣል። ሰው ሲቀር የሚተካ፣ ትሬይለር ሲዘገይ የሚጠየቅ፣ ሰው ሲጣላ መሃል የሚገባ ሊድ ነው። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ደህና አድርጌም ሠርቼዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት እንሠራ ነበር። በዚያ ላይ የቅዳሜ የግዴታ ኦቨርታይም አለ፤ መኖሩ የሚነገረን ዓርብ ከሰዓት ነው። ለቅዳሜ ሠርግ የጠራ ሰው የሥራ ባልደረቦቹን አያገኝም። ሰዉ ተማረረ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ማርክ፣ "ሺፍቱን መቀየር ይቻላል፣ ግን ተስማምታችሁ ኑ" አለን። ከየክፍሉ ተውጣጥተን ኮሚቴ ብንሆንም ይቀየር፣ አይቀየር በሚል እኩል ለእኩል ተከፈልን። በተሰበሰብን ቁጥር የጀመርንበት ቦታ እንመለሳለን።

ማርክ ሰለቸው። "እንግዲያው ሁሉም ሠራተኛ ድምፅ ይስጥ" አለ። በወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሺፍቱ እንዲቀየር ትፈልጋለህ? አዎ ወይም አይ።

አዎ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ቴዎድሮስ ደስታውን አልቻለውም፤ ዶኩን እየዞረ ጥሩምባውን ነፋ። እኔም አዎ ብዬ ስለነበር አጨበጨብኩ።

ሰኞ ጠዋት ማርክ ቢሮው ጠራኝ። "ጥሩ፣ ይቀየር። ወደ ምን?" አለኝ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነገረኝ። ቴዎድሮስ የሚፈልገው ጎህ ሳይቀድ ገብቶ በሳምንት አራት ቀን፣ አሥር አሥር ሰዓት መሥራት ነው። "ሕዝቡ የመረጠው ይሄንን ነው" ይላል። ሌሎቹ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ለሚሠራ ቡድን ነው አዎ ያሉት። እነሱም ሕዝቡ የመረጠው የኛን ነው ይላሉ። መዲና ደግሞ አዎ ያለችው ጠዋት ዘግይታ መግባት ፈልጋ ነው። መዲና ማሸጊያ ላይ ከሁሉ ፈጣኗ ናት። እናቷ ኩላሊታቸው ደክሞ ለኩላሊት እጥበት፣ ለዳያሊሲስ፣ የሚሄዱት በማለዳ ነው፤ የምትወስዳቸውም እሷ ብቻ ናት።

"እትዬ ጸዳለ፣ የቴዎድሮስ ሐሳብ ካለፈ እለቃለሁ" አለችኝ። "ሞርስ ሮድ ላይ አንድ ሱቅ ሰው ይፈልጋል። ክፍያው ያንሳል፣ ኢንሹራንስም የለውም። ግን ምን አደርጋለሁ? ለእናቴ ብዬ የሰጠሁት ድምፅ በሷው ላይ መጣ።"

አይ ያሉት ደግሞ፣ "አዎ ያላችሁት ራሳችሁ ካልተስማማችሁ ድምፁ ይደገም" ማለት ጀመሩ። ማርክ ነገሩን ከሳምንት ሳምንት አሳደረው። ምሳ ቤት ጠረጴዛው ተለየ። ዕቃ የሚጎተትበትን ፓሌት ጃክ ስጠኝ ሲባል፣ "አለቃህን ጠይቅ" የሚል መልስ ተለመደ። ትሬይለሮቻችን እየዘገዩ መውጣት ጀመሩ። ይሄ እኔን ነው የሚያስጠይቀኝ።

ዶክ ላይ ጋሼ መኮንን የሚባሉ ሰው አብረውን ይሠሩ ነበር። እዚሁ አቅራቢያ ብሌንደን ታውንሺፕ ያለችው ልጃቸው ጋ ከመምጣታቸው በፊት እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ለሠራተኛው ፓርቲም ቤት ለቤት እየዞሩ ቀስቅሰዋል። እሳቸው አይ ካሉት ወገን ነበሩ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ትክ ብለው አዩኝና፣ "ይሄን ነገር እኔ አይቼዋለሁ" አሉኝ።

"የት?"

"እንግሊዝ። ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ገዢው ፓርቲ በዚህ ጉዳይ ለዘመናት እርስ በርሱ ሲባላ የኖረ ነው፤ ሕዝቡ ይገላግለን ብለው ነው። እንውጣ ያሉት አሸነፉ። በማግስቱ እንዴት ነው የምንወጣው ሲባል ያሸነፉት ራሳቸው አንድ ቃል አልነበራቸውም። የኛም ፓርቲ ተከፈለ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ስምምነት ይዘው ፓርላማ ሲገቡ ይጥሉባቸዋል፣ ደግመው ሲመጡ ይጥሉባቸዋል።"

"ታዲያ በምን ተፈታ?"

"በምርጫ። ሴትዮዋ ከዚያ ቀደም የጠሩት ምርጫ ጭራሽ አዳክሟቸው ነበር። ኋላ በሌላ መሪ የተጠራው ቋጠሮውን ቆረጠው፣ ወጡ። የሚስቴ ወንድም ግን እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። እንውጣ ብሎ ነበር፣ እኔ እንቆይ ብዬ።" ሹካቸውን አስቀመጡ። "ጸዳለ፣ ሕዝብ መጠየቁ ክፋት የለውም። እነሱ የጠየቁት ማግስቱን ሳያዘጋጁ ነው።"

ያን ቀን ከሥራ በኋላ ማርክ ቢሮ ገባሁ። "ድምፅ እንደገና እንፈልጋለን" አልኩት።

"አዎ ብላችኋል እኮ። የመጀመሪያውን ልሰርዘው አልችልም።"

"አይሰረዝ፤ እንደነበረው አይቀጥልም። ግን አዎ አለህ እንጂ ፕሮግራም የለህም። እያንዳንዱ ወገን ሐሳቡን ከነመግቢያ ሰዓቱ አዘጋጅቶ ሰው ፊት ቆሞ ያስረዳ። አንተም ልትፈጽመው የማትችለውን አስቀድመህ ንገረን።"

ትንሽ አሰበና፣ "የምትመሪው አንቺ ከሆንሽ እሺ" አለኝ።

ቴዎድሮስ ወሬውን ሲሰማ ፎርክሊፍቱን አጥፍቶ ወረደ። "እትዬ፣ አሸንፈናል። ድምፃችንን ሊቀሙን ነው?"

"እኔም አዎ ብያለሁ፣ ቴዲ። ያንተ ፕሮግራም ጥሩ ከሆነ ለሰው ለማስረዳት ለምን ትፈራለህ?"

"አልፈራም።"

"እንግዲያው ሐሙስ አንተ ትጀምራለህ።"

ሐሙስ ዶኩ ላይ ተሰበሰብን፤ ከኔፓልና ከሶማሌ ለመጡት ሠራተኞች የሚተረጉሙ ሰዎችም ነበሩ። ቴዎድሮስ ዕቃ የሚደረደርበት ባዶ ፓሌት ላይ ወጥቶ ተናገረ። ሦስት ቀን ዕረፍት፣ ያለ ቅዳሜ ኦቨርታይም። ጥሩ ነው የተናገረው፤ ጭብጨባም አገኘ።

መዲና እጇን አወጣች። "ጎህ ሳይቀድ ከገባሁ እናቴን ሆስፒታል ማን ይወስዳታል?"

ቴዎድሮስ ስለ እናቷ አያውቅም ነበር። አብረው ስንት ዘመን ሠርተው አያውቅም። መሃል ገብቼ ላድነው እችል ነበር፣ ተውኩት። ሐሳቡ የሱ ነው፣ መልሱም ከሱ መምጣት አለበት።

ወደ ዶኩ በሮች ዞር ብሎ አየ። "የመጨረሻዎቹ ትሬይለሮች የሚወጡት አመሻሽ ላይ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሁላችንም ጎህ ሳይቀድ ከገባን ያኔ የሚጭን ሰው የለም። ዘግይቶ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣ ቡድን ያስፈልገናል። በቀን አሥር ሰዓት መሥራቱ ያው ነው። መዲና እዚያ ብትሆን?" ከዚያ ወደ ማርክ ዞረ። "ይቻላል?"

ማርክ እንደሚቻል ተናገረ። የቅዳሜና እሁዱን ቡድን ግን የሚመራለት ሱፐርቫይዘር ስለሌለው እንደማይችል በግልጽ ነገራቸው። አኮረፉ። ቢሆንም ከድምፁ በፊት አወቁት።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው ሁለት መግቢያ ሰዓት ያለው የአራት ቀን ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው አምስቱ ቀን እንዳለ ሆኖ ኦቨርታይሙ በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲነገር የሚል ነው። ሁለቱም መቼ እንደሚጀመሩና ማን የት እንደሚመደብ ተጽፎባቸዋል። የአራት ቀኑ አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው።

ጋሼ መኮንን አሁንም ተሸናፊ ነበሩ። አሥር ሰዓት መቆም ለጉልበታቸው ከባድ ነው። ተናደዱ እንደሆን ብዬ ሄድኩባቸው።

"ተሸንፌአለሁ" አሉኝ። "ግን በምን እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ድምፅ ይሄንን እንኳ አላውቅም ነበር።" ቆመው ከሚሠሩበት ቦታ ደንበኞች የመለሱትን ዕቃ ተቀምጠው ወደሚያዩበት ክፍል እንዲዛወሩ ማርክን ጠይቄ አስፈቀድኩላቸው። ቴዎድሮስ ዕቃቸውን ከሎከራቸው አውጥቶ ተሸከመላቸው።

መዲና ሥራዋን አልለቀቀችም። ዛሬ የአመሻሹ ቡድን ሊድ ናት። እኔም በቅርቡ ጡረታ እወጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዕድርም፣ በቤተ ክርስቲያን ሰበካም ሰው ተከፋፍሎ "ድምፅ ይሰጥበት" ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሊድ ለምትሆኑ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ድምፅ ማሰጠት ቀላል ነው። ወረቀቱን ከማደላችሁ በፊት ያሸነፈው ወገን በማግስቱ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ይለቅ። ያ ካልተጻፈ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ለድምፅ ገና ናችሁ።