ሰብሪያ ያልከፈተችው ካፕሱል

ጎረቤቴ ሰብሪያ መገናኛ ታክሲ ተራው ጋ የልጆች ካልሲ ትሸጣለች። ቤታችን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የእሷ ልጅ ሲያስል የእኔ ይነቃል።

የመጀመሪያ ልጇን ኢክራማን ተቅማጥ ወሰደባት። «መድኃኒት ዘግይቼባት ነው» ትላለች፤ እንዲህ ያላት ሰው የለም። ለሁለተኛው ለሱፊያን ግን ዘግይታ አታውቅም። ባስነጠሰ ቁጥር፣ ሆዱ በላላ ቁጥር፣ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ትለምናለች። ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን በስኳር ውሃ በጥብጣ ታጠጣዋለች፤ ሻል ሲለው ታቆማለች። የልጁ ሆድ ግን ከርሞም አልረጋ አለ።

«ይሰማሻል? ሆዱ ልክ እንደ እሷ ነው የሚጮኸው» ትለኛለች። እኔ የምሰማው የልጅ ሆድ ነው። እሷ የምትሰማው ኢክራማን ነው።

ባለፈው ክረምት ሲብስበት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ የማርያምወርቅ መርምራው ዚንክና በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ ሰጠችን። የካፕሱሉን ነገር ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሆዱ ውስጥ ምግብ የሚያብላሉ፣ ክፉውን ጀርም ቦታ የሚነሱ ደግ ባክቴሪያዎች አሉ። ይሄ መድኃኒት ደጉን ከክፉ አይለይም። ያለ ትእዛዝ በየጊዜው ስትሰጪው ጠራርገሽ ታስወጪያቸዋለሽ። ባዶ ቤት ደግሞ ማን እንደሚገባበት ታውቂያለሽ።»

«ዘግይቼ እንደ እህቱ ቢሆንስ?»

«የሰውነቱ ውሃ እንዳያልቅ ነው የምትፈጥኚው። ኦአርኤሱን አጠጪው፣ ምግቡን አታቋርጪ። ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው በሩጫ ነይ።»

ስንመለስ ዳገቱ መሀል ቆመች። «ኢክራማን ውሃ ከልክያት ነበር። ያባብስባታል አሉኝ» አለች። ልጁን ከጀርባዋ ተቀብዬ አዘልኩት።

በማግስቱ በግቢያችን የምትኖረው ዶርቃ ካፕሱል ይዛ መጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እያለቀ ምን ትጠብቂያለሽ? ነርሷ ናት የምትቀብርልሽ?»

ሰብሪያ ካፕሱሉን ተቀበለች። የሱፊያን ሆድ ጮኸ። ጣቶቿ ሊከፍቱት ሲሉ አየሁ፤ ከዚያ መልሳ በዶርቃ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ውሰጂልኝ። እኔ ጋ አይደር።»

ቀኑን ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣችው፤ ዓይኑን እያየች። ከቀናት በኋላ ስገባ ጆሮዋ ከሆዱ ላይ ነበር።

«ዝም አለ» አለችኝ።

«ታዲያ ተሻለው ማለት አይደል?»

«ዝም ሲልም እሷን ነው የምሰማው።»

ሱፊያን ግን ሻሿን እየጎተተ ሽሮ ስጪኝ ይላል። ተነሳችና ሰጠችው።