አምስተኛው መጽሐፍ ሱባኤ ገባ

በተመረቅሁበት ዓመት ክረምት ሥራ አልነበረኝም። ጠዋት ስድስት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ማስረጃዬን አባዛለሁ፣ ማመልከቻ ይቀበላሉ የተባሉ መሥሪያ ቤቶችን እዞራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ፒያሳ ላይ ይይዘኛል። የምጠለለው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡባትና የሚያከራዩባት የቆርቆሮ መደብ ነበረች። ጣሪያዋ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር አራት ሰው ተጠጋግቶ ይቆማል።

እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ነኝ። ዝም ብዬ ቆሜ ፊት ለፊቴ ያለውን መጽሐፍ አገላብጥ ነበር። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ከዝናቡ ነው ወይስ ከመጽሐፉ ሥር የተጠለልሽው?»

«ከሁለቱም ነው ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከሁለቱም ከሆነ ኪራይ አለው» አሉና ከጀርባቸው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጡ።

ሽፋኑ ላይ የተሳለችው መንኮራኩር መስኮት የወጣላት ፔርሙዝ ትመስላለች። ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቡናማ ሆኗል። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አማርኛ የተመለሰ ባለ ስድስት ክፍል የጠፈር ታሪክ ነው። አንዲት አብራሪ እናቷን ምድር ላይ ትታ ብቻዋን ትነሳለች። መንኮራኩሯ ተበላሽቶ ሁለት ፀሐይ ያላት ዓለም ላይ ታርፋለች። እዚያ ያሉት ፍጥረቶች አፍ የላቸውም። የሚኖሩት በብርሃን ነው፣ የሚነጋገሩትም ከመዳፋቸው በሚወጣ ብርሃን ነው። አራተኛው ክፍል ሲያልቅ መንኮራኩሯ ተጠግኗል። እነሱ ግን ወደ አገራችን የሚያመጣውን መንገድ አውቃለችና እንልቀቃት ወይስ እናስቀራት ብለው ሸንጎ ተቀምጠዋል።

አራቱን በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። የሽማግሌው ሕግ አንድ ነው፤ አንዱን ያልመለሰ ቀጣዩን አያይም። ስድስተኛውን የያዘ ሌላ መደብ ፒያሳ ውስጥ የለም፤ ፈልጌ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የመደቦቹ ረድፍ ለመንገድ ሊነሳ ስለሆነ ሽማግሌው በነሐሴ አጋማሽ ዕቃቸውን ጠቅልለው ከከተማው ዳር ወዳለው የልጃቸው ቤት ሊሄዱ ነው። አምስተኛውን ሲሰጡኝ «ቶሎ ቶሎ በይ፣ እኔም እንደ ሴትዮዋ መንኮራኩሬ ተጠግኗል» አሉኝ።

አሥራ አንድ ገጽ እንዳነበብኩ የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር፣ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። በየዓመቱ ከጾሙ በፊት መጥተው ጠበል ይረጩልናል። እኔን በሕፃንነቴ ያጠመቁኝም እሳቸው ናቸው። ጠበሉ ተረጭቶ፣ መስቀል ተሳልመን እንደተቀመጥን እናቴ ተነሥታ ወደ ክፍሌ ገባች። ስትወጣ መጽሐፉን ይዛለች።

«አባ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ። ልጄ እሱን ከያዘች ወዲህ ለምሳ ስጠራት አትሰማም።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«አፍ የሌላቸው፣ የማይበሉ፣ በእጃቸው እየበሩ የሚያወሩ ፍጥረቶች ናቸው። እኔ ሁለት ገጽ አይቼ ነው ያስቀመጥኩት። ደግ ነገር እንዲህ ይሆናል?»

አባ መጽሐፉን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ሽፋኑን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አጋንንት ናቸው ይላል?»

«አይልም አባ። ሌላ ዓለም ላይ ያሉ ናቸው።» የተከራየሁት ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ መመለስ አለበት የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣም።

«እናየዋለን» አሉና መስቀላቸውን በሚይዙበት ቦርሳ ከተቱት።

በሩ እንደተዘጋ «እማዬ፣ እኮ የሰው መጽሐፍ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም ነበር?»

«አንቺ ጠይቂልኝ።»

«ከንስሐ አባት እጅ የገባ ነገር ይመለስልን ይባላል? አንቺ ያፈርሽበትን እኔ ልደፍረው?»

አባ ፍልሰታን ቤታቸው አያድሩም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍል ሱባኤ ይገባሉ፣ ጾሙ እስኪፈታም ቤት ለቤት አይዞሩም። መጽሐፉ አብሯቸው ገባ።

ጾሙ በገባ ማግስት ለሽማግሌው ልናገር ሄድኩ። ሸራው ሥር ሌላ ሰው አለመኖሩን አይቼ ነው የቀረብኩት።

«መጽሐፉ የት አለ?»

«የንስሐ አባቴ ወሰዱት፤ ሱባኤ ላይ ናቸው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ይሄን ሥራ ስሠራ መጽሐፍህን ውሻ በላው ተብያለሁ። ጎርፍ ወሰደው ተብያለሁ። ሚስቴ የጠላ ጋን ከደነችበት ያለኝም አለ። ቄስ ወሰደው ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«እመልሰዋለሁ ጋሼ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ግን ጾሙ በሚፈታ ቀን የጭነት መኪናው ይመጣል። እሳቸው ሱባኤ ሲወጡ እኔ ከፒያሳ ልወጣ ነው። ማን እንደሚቀድም እንግዲህ እናንተ ጸልዩ።»

ስለዚህ ቅዳሴ መሄድ ጀመርኩ። እንደ ሌላው ጊዜ በበዓል በበዓል አይደለም፣ በየቀኑ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ በሴቶች በኩል ካለው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። አባን ከሩቅ አያቸዋለሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ መስቀል ሊሳለም የሚሰለፈው ሰው እስከ በሩ ይደርሳል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ የምለውን እያጠናሁ እሰለፋለሁ። «አባ፣ ያ መጽሐፍ የሰው ነው።» ስድስት ቃል እንኳ አይሞላም። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደረሰ።

«እየጾምሽ ነው ልጄ?»

«አዎ አባ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«በርቺ» አሉና ግንባሬን በመስቀል ነክተው አሳለፉኝ።

እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። «ያን መጽሐፍ ካስወሰድኩላት ወዲህ ልጄ አንድ ቀን ከቅዳሴ አልቀረችም» ስትል በመስኮት ሰማኋት። ወጥቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ግን ሥራ የሌላት ልጅ እናቷን የምታኮራበት ነገር ብዙ የለም። ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ለመጽሐፉ ብዬ የቆምኩበት ቦታ ከጥቂት ቀን በኋላ መቆሙን ራሱን ወደድኩት። ከዝናቡ ጋር የሚደባለቀውን ዜማ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ በሰው መሀል መሆንን።

በዘጠነኛው ቀን እንደገና ተራዬ ደረሰ። አባ መስቀሉን ወደ ግንባሬ አመጡና መሀል መንገድ ላይ አቆሙት።

«ልጄ፣ እዚያ አገር አንደኛዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለተኛዋ ትወጣለች፣ አይደል?»

ከኋላዬ ያሉት ወይዘሮ ቀና ሲሉ ተሰማኝ። «አዎ አባ» አልኩ።

«ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው መቼ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ፣ ፊታቸው እንደተቋጠረ ቀጣዩን አሳለሙ። እየሄድኩ ነው የገባኝ። አባ መጽሐፉን እያነበቡት ነው። ማንበብ ብቻም አይደለም፣ ከአብራሪዋ ጋር አብረው እየጾሙ ነው። አብራሪዋ ሰው ስለሆነች ትበላለች፤ ሁለት ፀሐይ እየተፈራረቀ በማይመሽበት አገር ጾሟን መቼ ትፍታ? እኔ አራት መጽሐፍ ሙሉ አንብቤ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

በዚያው ቀን በሸራው በኩል አለፍኩ። ሽማግሌው መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት መክተት ጀምረዋል።

«ቄሱ ጨረሱ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሰዋል» አልኩና የተጠየቅሁትን ነገርኳቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰው ያሳቅሁበት ቀን ጥቂት ስለሆነ እስከ አፍንጮ በር ድረስ ቀለል ብሎኝ ሄድኩ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት አባ ረፋዱ ላይ መጡ። እናቴ ዶሮውን አቀረበች፤ እሳቸው ግን ከመቀመጣቸው በፊት መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ከቦርሳቸው አወጡ። ከውስጡ በጥቃቅን ፊደል የተሞላ ባለ መስመር ወረቀት ወደቀ።

«ምን አሉ አባ?» አለች እናቴ።

«ክፉ ነገር የለበትም። ፈጣሪ የፈጠረውን ሁሉ ለእኛ ዘርዝሮ የመንገር ግዴታ የለበትም። ልጅቱም እዚያ ሆና እናቷን አትረሳም።» ወረቀቱን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ። «ችግሩ ሒሳቡ ነው። ዓመቱ አራት መቶ ቀን ነው ይልሻል፤ በዓሉን ግን በየሦስት መቶው ያከብራሉ። አንድ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቢኖራቸው እንዲህ አይሳሳቱም ነበር። እኔ አስተካክዬዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሸንጎው ሄደሽ ነይ አላት። መድረሷን ግን አልነገረንም። ስድስተኛው የት ነው?»

«ዛሬ ይሄዳል አባ። ሰውየው ዛሬ ነው የሚነሱት።»

አባ ዶሮውን አዩ፣ እናቴን አዩ። «እመለስበታለሁ» ብለው ጃንጥላቸውን አነሡ።

ከቤታችን እስከ አደባባዩ እኔ በሃያ ደቂቃ እደርሳለሁ። የጾም ፍቺ ቀን ከቄስ ጋር ሲሄዱ ግን ሌላ ነው። በየአሥር እርምጃው አንድ ሰው «አባ፣ ይባርኩኝ» ይላል። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት የታመመ ባሏን ነገረቻቸው፤ አባም ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሟት። እኔ ከጃንጥላው ጠርዝ ሥር ሆኜ የጭነት መኪናውን ሞተር የምሰማ ይመስለኝ ነበር። አንዴ «አባ፣ ይረፍድብናል» አልኩ። የሰማኝ አልነበረም።

ስንደርስ ሸራው ወርዷል። ከረጢቶቹ መኪናው ላይ ናቸው፤ ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ጋቢናው ላይ አድርገዋል። አባን ሲያዩ እግራቸውን መልሰው ወረዱ።

«አባት፣ መጽሐፌን ሱባኤ አስገቡብኝ አሉ።»

«ጾሞ ወጥቷል» አሉ አባ፣ ከነጨርቁ እያስረከቡ። «አንድ ገጽ አልጎደለበትም።»

ሽማግሌው ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ለቀቅ ለቀቅ አድርገው አዩና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ስድስተኛውን አወጡ። ከረጢት ውስጥ አልከተቱትም ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ወደ አባ ዘረጉት። ታላቅ እያለ ለታናሽ አይሰጥም፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። አባም እጃቸውን ዘረጉ።

«ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ግን አንዴ ወጥቷልና ጨረስኩት። «መጀመሪያ የተከራየሁት እኔ ነኝ። አባ ደግሞ ከአምስተኛው ነው የጀመሩት።»

አባ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እውነቷን ነው፣ ሰልፍ ጥሼ ነው የገባሁት» አሉ። «ለእሷ ይስጧት፤ ለመመለሱ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ቄስ ዋስ የሚሆነው ለወዲያኛው ዓለም ነው ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«ይሄም ስለ ወዲያኛው ዓለም ነው» አሉ አባ።

ሽማግሌው ስልክ ቁጥራቸውን የመጽሐፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉልኝ። ሁለታችንም ስንጨርስ እንድንደውል፣ ራሳቸው መጥተው እንደሚወስዱት፣ ያን ዕለት ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ከአባ ጋር እንደሚነጋገሩ ነገሩን። ከዚያ መኪናው ሄደ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጀመርኩ፤ ሳልነሳ ጨረስኩት። መጽሐፉን ስዘጋ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እኔም ቢላ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስት አራት ፍሬ ከላጥን በኋላ ጠየቀችኝ።

«ተመለሰች?»

«ማን?»

«ያቺ ልጅ ናታ፣ አብራሪዋ።»

«ተመለሰች።»

«እናቷስ? በሕይወት ጠበቀቻት?»

ቢላዬን አቆምኩ። የእናትየዋ ማርጀትና መድከም በአራቱ መጻሕፍት የለም፤ የሚነገረው እኔ ባላነበብኩት የአምስተኛው ክፍል መሆን አለበት፤ እኔ እንኳ ያወቅሁት ስድስተኛውን ሳነብ ነው። ሁለት ገጽ ብቻ አይቼ አስቀመጥኩ ያለችው እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጠበቀቻት» አልኩ።

«ተመስገን» አለችና የላጠችውን ሰበሰበች። «በይ ለአባ አድርሺላቸው። እየጠበቁ ነው። መጨረሻውን ደግሞ እንዳትነግሪያቸው።»