በክር የተለካ መነጽር

የወሰዱኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከክፍል ስወጣ የጠመኔው ዱቄት ገና ጣቴ ላይ ነበር። ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጋምቤላ ተልኬ አስተምር ነበር፤ ሻንጣዬ ውስጥ ተማሪዎች ስለ መሬት የጻፉት ወረቀት ተገኘ። የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ቆርቆሮ ነው። ከውጭ በፀሐይ፣ ከውስጥ በትንፋሽ ይግላል። በስንጥቁ የባሮ ወንዝ ሽታ ይገባል።

ውስጥ አንዲት አኙዋክ እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወንድ ልጃቸው ድንበር ተሻግሮ ሸፍቷል ተብሎ፣ እሱ እጁን እስኪሰጥ ነው የተያዙት። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ።

«አንተ ምን ሰረቅህ?» አሉኝ።

«ምንም። ወረቀት ይዤ ነው።»

«ወረቀት!» ብለው ሳቁ። «እኔ ደግሞ ልጅ ወልጄ።»

ጭናቸው ላይ ሰማያዊ ጨሌ የሞላ ቅል አለ። ሴት ልጃቸው በሚመጣው እሑድ ልታገባ ነው፤ በእነሱ ቤት ደግሞ የሙሽራን የአንገት ጨሌ የምትሰካው እናቷ ናት። ዓይናቸው ግን የቅርቡን ማየት ትቷል። መርፌውን ሲያርቁት ይጠራል፤ ሊሰኩ ሲያቀርቡት ይጠፋል።

«ልስካልዎት?» አልኩ እየፈራሁ።

«የአንተ እጅ ለአንተ ልጅ።»

የእኔ መነጽር ለሩቅ እንደሆነ ባውቅም፣ ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ አውልቄ አቀበልኳቸው። አድርገው መርፌውን ፈለጉት።

«ይኼ ያለኝንም ዓይን ወሰደው!»

የሐኪም መነጽር ደጋ ተወጥቶ ነው የሚገኘው፤ ዋጋውም ከአቅማቸው በላይ ነበር። ገበያው ዳር ግን ሀጂ የሚባሉ ነጋዴ ከሱዳን የመጡ መነጽሮችን በሲባጎ ደርድረው ሱቃቸው በር ላይ ይሰቅላሉ። ገዢ መርፌና ክር ይቀበልና ቀዳዳው እስኪታየው እያፈራረቀ ይሞክራል። እስረኛ እንዴት ይሞክር? የጨሌውን ክር ጫፍ ከዓይናቸው ሥር ያዝኩ፤ መርፌው እስከሚጠራላቸው ድረስ ዘረጋሁና ቆረጥኩት፤ ሀጂ በርዝመቱ ልኩን ይመርጣል ብዬ። ልጃቸው ምሳ ስታመጣ ክሩን ይዛ ወደ ሀጂ ሄደች።

በማግስቱ አንድ ጎኑ የተሰበረ መነጽር ይዛ መጣች።

«ሀጂ፣ ዓይን በክር ሲላክልኝ ገና የመጀመሪያዬ ነው አለ» አለች። «የተሰበረ ነው፣ በነጻ ውሰጅ አለኝ።»

«በነጻማ አልወስድም» አሉ እናት። «ደረቅ አሳ ስጠው።»

የተሰበረውን ጎን በክር ከጆሯቸው ጋር አሰርኩላቸው። መርፌውን አነሱ፤ አዩት፤ ክሩን በቀዳዳው አሳለፉ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የቅሉን ጠርዝ የሚነካ የጨሌ ድምፅ ብቻ ነው። እሱን እያዳመጥኩ፣ ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ዘበኛው በፍርግርጉ እጁን ሰደደ።

«ጨሌውን አምጪው፣ እኔ አቀብላታለሁ።»

እናት መነጽራቸውን አወለቁ፤ ለሩቁ አያስፈልጋቸውም። ዘበኛውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ እናቷ ነህ?»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። እናት ልብሳቸውን አስተካክለው ደፉን ተሻገሩ። ልጅቷ ተንበረከከች። ጨሌውን በአንገቷ አዙረው አሰሩላት፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ተመልሰው ገቡና ተቀመጡ።

እኔ ከእሳቸው በፊት ተፈታሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የነገረኝ የለም። አሁን አዲስ አበባ አስተምራለሁ። ያ ክፍል ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? እሑድ እሑድ ግን የሙሽራ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ፣ ሰው ሁሉ ቬሎዋን ሲያይ እኔ አንገቷን አያለሁ። ማን አስሮላት ይሆን እላለሁ።