አባቴ ያልሄደባት ሞያሌ

አባቴ ሞያሌ ሄዶ አያውቅም። ይህን ዛሬ በድፍረት እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ትንፍሽ ብል ወዮልኝ ነበር።

ነገሌ ቦረና ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ኮት ለብሶ፣ ሻንጣ ይዞ፣ አንድ እግሩን የጭነት መኪና መርገጫ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከኋላው ትልቅ ግራር አለ። ለእንግዳ ሁሉ "ሞያሌ የሄድኩ ጊዜ ነው" ይላል። ግራር የሌለበት ቆላ የት አለና ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፦ ድንበሩ፣ ኬላው፣ ግመሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግመሎቹ ይበዙ ነበር።

ጣጣው የመጣው ደርግ ከገባ በኋላ ነው። ከጎረቤታችን ከጨርቅ ነጋዴው ጋር በወሰን ተጣላንና ቀበሌ ከሰሰን። በጃንሆይ ጊዜ የተሠራው የቦታችን ካርታ ወሰኑ "ትልቁ ግራር" ነው ይላል። ወይ ጉድ! ግራሩ ወድቆ፣ ተፈልጦ ከነደደ ስንት ዘመኑ! ጎረቤታችን "የነበረው እናንተ ወጥ ቤት ጥግ ነው" አለ፤ አባቴ "የለም፣ አንተ ግድግዳ ሥር ነው" አለ። መሀል ላይ ያለው ደግሞ እናቴ ያን ድንጋያማ መሬት ወር ሙሉ አስቆፍራ ያሠራችው አዲሱ ሽንት ቤታችን ነው። ጎረቤታችን ከረታ ስድስት ሰው ሽንት ቤት አልባ መቅረታችን ነው።

አንድ ቅዳሜ የፎቶውን መስተዋት ልወለውል ከፍሬሙ አወጣሁት። ጥጉ ላይ የሰካናቸው ጉርድ ፎቶዎች ሲነሡ የጎረቤታችን ግድግዳ ከነክብ መስኮቱ ብቅ አለ። ግራሩ ግድግዳውን ታክኮ ቆሟል።

"እማዬ!" ብዬ ጮህኩ። "የጎረቤታችን መስኮት ሞያሌ ምን ይሠራል?"

እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና ተበላሽቶ ጓሯችን ሲጠገን ፎቶ አንሺ ተሳፍሮበት ኖሯል። አባቴም አብሮ ሊሄድ ተሰናድቶ ፎቶውን ተነሣ፤ ሊወጡ ሲሉ እናቴን ምጥ ያዛት።

"ያስቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ጣጠኛ!" አለችኝ።

አባቴ ግን ፎቶውን ሞቼ ነው ሸንጎ ላይ የማወጣው አለ። እናቴ ባሏን አንቱ ነው የምትለው፤ ስትቆጣም አንቱ ነው። ወገቧን ይዛ "ይምረጡ!" አለችው። "ወይ ሞያሌን ወይ ሽንት ቤቴን!"

በቀጠሯችን ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ፎቶውን አገላበጠ። "ጓድ፣ ይሄ የት ነው?"

አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ የግመሎቹን ወሬ የሰማ ነው። አባቴ እናቴን አያት።

"እዚሁ ጓሮዬ" አለ። "ሞያሌ አልሄድኩም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ምን ላድርግ! ያልሳቀው ጎረቤታችን ብቻ ነው።

"ኮቱ የኔ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ለመንገዱ ያዋስኩት እኔ ነኝ። ግራሩም እዚያው ነበር።" ያን ሁሉ ዘመን ያውቅ ነበር፤ የከሰሰንም አባቴ ፎቶውን አያወጣም ብሎ ተማምኖ ነው።

ሽንት ቤቱ ተረፈ። አባቴ ግን ፎቶውን አውርዶ ቁም ሳጥን ጀርባ ሸጎጠው፤ እንግዳ ሲመጣም ዝም ማለት ጀመረ። አንጀቴን በላው። ያስቀረሁት እኔ፣ ያጋለጥኩትም እኔ።

በበዓል ቀን ጎረቤታችን ከያቤሎ የመጣ ዘመዱን አስከትሎ፣ "አካም፣ ናጋ?" እያለ ሊታረቅ ገባ። እናቴ ፎቶውን ቦታው መልሳ ሰቅላ፣ ጉርድ ፎቶዎቹን መስኮቱ ላይ ሰክታቸዋለች። እንግዳው ቀና ብሎ "ይሄ የት ነው?" አለ። አባቴ አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል።

"ሞያሌ የሄዱ ጊዜ ነው" አለች እናቴ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ጎረቤታችን ፎቶውን አየ፤ ሻዩን ፉት አለ።

"አዎ፣ አብረን ነበርን" አለ። "የግመሉ ብዛት!"

አባቴ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።